ባሕር ያላየ ልጅ ባሕርን እንዴት ይሥላል?

(ጎንደር ላይ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ ተማሪዎቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ወጣቶችን በትምህርትና በሥነ ጥበብ ስለ ባሕር ጥበቃ ማስተማር የሚል ነው። ርእሱን ስቀበል አንድ ባልደረባዬ «ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ማስተማር ለማን ብሎ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ናት፤ ሥዕል ከማስተምራቸው ልጆች መካከል የጨው ባሕር በዓይኑ ያየ አንድም የለም፤ እኔም ራሴ ያየሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። እንዲያውም ስለ ባሕር በር በየሻይ ቤቱ በሚወራበት በዚህ ዘመን ስለ ባሕሩ ራሱ፣ በውስጡ ስላለው ሕይወትና ከእኛ ዝናብ ጋር ስላለው ዝምድና ሲነሣ የምሰማው በጣም ጥቂት ነው። ለባልደረባዬ ያኔ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ዛሬ የምናገረው ለእርሱም ጭምር ነው።

መልሱን የጀመርኩት ከቃሉ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ባሕር የሚለውን ቃል ለጨው ውኃ ብቻ አስረን አናውቅም። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ የሚወርዱበት፣ በዐፄ ፋሲል ስም የምንጠራው መዋኛ፣ በዕለቱ ስሙ ጥምቀተ ባሕር ነው። ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይከርምና በዓሉ ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ የተሳበ ውኃ ቀስ እያለ ይሞላዋል፤ የቅጥሩን ድንጋይ በሥሮቻቸው አንቀው የያዙት ዛፎችም ጥላቸውን ውኃው ላይ ይጥላሉ። ጣናን የሚያቋርጥ ሰውም «ባሕሩን ተሻገርኩ» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የዘመን ቀመሩን ሲማር ትምህርቱ ባሕረ ሐሳብ ይባላል። ታዲያ ለአንድ የጎንደር ልጅ ባሕር ከሩቅ አገር የሚመጣ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ከቤቱ በእግሩ ሄዶ የሚደርስበት፣ ሲሞላና ሲጎድል ያየው ነገር ነው። ይህ ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው። እኔ ግን ይህን ሀብት ከማየቴ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ አባክኛለሁ፤ ያንን ሳልናገር ወደ ሌላው ባልፍ ታማኝነት አይሆንም።

በመጀመሪያው ዓመት የሥዕል ክበባችንን ልጆች ሰብስቤ «ባሕርን እንጠብቅ» የሚል ትልቅ ሥዕል ግድግዳ ላይ እንዲሠሩ አደረግኩ። ልጆቹ ከስልክ ላይ ፎቶ እያዩ ሰማያዊ ውኃ፣ ዶልፊን፣ ባለ ቀለም ዓሣና ፈገግ ያለች ፀሐይ ሣሉ። ሲመረቅ ተጨበጨበለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሥዕሉን ቆሞ የሚያየው ሰው አልነበረም፤ ከሠዓሊዎቹ አንዱን ልጅ «ይህ የሣልከው ምን የሚባል ዓሣ ነው?» ብዬ ስጠይቀው ዓሣውን አያውቀውም፤ ከስልክ መቅዳቱን ብቻ ነገረኝ። ልጁ ጥፋት የለበትም። ያስተማርኩት መቅዳትን እንጂ ማየትን ስላልነበረ ነው። ሥዕሉን ለምክር ማስጌጫ አድርጌው ነበር፤ ምክሩም ሥዕሉም ልጆቹን ሳይነካቸው አለፈ።

በሁለተኛው ዓመት ቀለሙን ወደ ጎን ትተን ውኃውን ተከተልን። ክረምት ሲገባ፣ አንድ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ ከትምህርት ቤታችን ጣራ አሸንዳ ጀምረን የወረደው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ እየሣልን ሄድን። ከአሸንዳው ወደ ግቢው ቦይ፣ ከቦዩ ወደ መንገዱ ዳር ጉድጓድ፣ ከዚያ ቁልቁል ወደ ቀሃ። እያንዳንዱ ልጅ ደብተሩ ላይ የራሱን ሃምሳ እርምጃ ያህል ቦታ ተረክቦ ያየውን ብቻ እንዲሥል ነገርኳቸው። የሣሏቸውን ነገሮች ስሰበስብ ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የብስኩትና የከረሜላ ልጣጭ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ሲሊፐር፣ የእስክርቢቶ ቀፎ አገኘሁ። አንዱ ልጅ ፌስታል ሲሥል ግማሹ በጭቃ ተቀብሮ ግማሹ በውኃ ግፊት ሲነፋና ሲረግብ አይቶ አራት ጊዜ ደጋግሞ ሥሎታል፤ አራቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስታዩዋቸው የሚተነፍስ ነገር ይመስላሉ። የባሕር ኤሊዎች ፌስታልን ጄሊፊሽ ከሚባለው ገላው ለስላሳ የባሕር እንስሳ ለይተው ማወቅ ተስኗቸው እንደሚውጡት ለልጆቹ የነገርኳቸው በዚያው ቀን፣ ያን ሥዕል ይዤ ነው። ማንም ተጨማሪ ማብራሪያ አልጠየቀኝም።

ከዚያ በኋላ ካርታ ዘረጋን። ቀሃም አንገረብም ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ በሰሜን በኩል ጣና ይደርሳል፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኝና በግብፅ በኩል ሜድትራንያን ባሕር ይገባል። ይህን በጣቴ እያሳየሁ ስጨርስ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እኔ እዚህ የጣልኩት ፌስታል እውነት ሜድትራንያን ይደርሳል?» አለችኝ።

በዚህ ቦታ ላይ ብዙዎቻችን መምህራን እንሳሳታለን። «አዎ፣ ይደርሳል» ማለት ቀላል ነው፤ ልጁ ይደነግጣል፣ ትምህርቱም የተሳካ ይመስላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከጎንደር የሚወጣ ፌስታል አብዛኛው እዚሁ ቅርብ ይቀራል፤ በቀሃ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ይንጠለጠላል፣ በመገጭ ደለል ይቀበራል፣ ጣና ዳር ደንገልና ፊላ ውስጥ ይያዛል። ያን ሁሉ ያለፈውንም ከጣና መውጫ ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብ፣ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ ሱዳን ውስጥ የሮዛይረስና የሰናር ግድቦች፣ ግብፅ ውስጥ የአስዋን ግድብ ይጠብቁታል። ለልጅቷ የነገርኳት ይህንኑ ነው። እርሷም ጥቂት ካሰበች በኋላ «እንግዲያው እኛ ጋ ነው የሚቀረው» አለች። እኔ በሥዕልም በምክርም ላደርሳቸው ያልቻልኩበትን ቦታ ልጅቷ በአንድ እውነተኛ መልስ ራሷ ደረሰችበት።

ይህን ስል የዓለሙን ችግር ማቃለሌ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት በ2010 ብቻ ከ4.8 እስከ 12.7 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ፕላስቲክ ከየብስ ወደ ባሕር እንደገባ ገምቷል። ፕላስቲክ በፀሐይና በማዕበል ይሰባበራል እንጂ እንደ ቅጠል በስብሶ አፈር አይሆንም፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ስብርባሪዎች በዓሣ ሆድ ውስጥም በጨው ውስጥም ተገኝተዋል። በአገራችንም በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ሆኖም አዋጁ ልጁን ፌስታሉ የት እንደሚሄድ እንዲያስብ አያደርገውም፤ ያ የእኛ የመምህራን ሥራ ነው።

ውኃው ከእኛ ወደ ባሕር መሄዱን ልጆቹ በቶሎ ተቀበሉ። ከባሕር ወደ እኛ መምጣቱ ግን ለወላጆችም ጭምር አዲስ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ክረምት ላይ ጣራችንን የሚደበድበው ዝናብ እርጥበቱ ከሩቅ የተጫነ ነው፤ ከሕንድ ውቅያኖስ፣ በኮንጎ ደኖች በኩል አልፎ ከሚመጣው ነፋስ፣ ከቀይ ባሕርም ይገኝበታል። ከእኛ እጅግ የራቀው ፓስፊክ ውቅያኖስ እንኳ ከፔሩ ዳርቻ ወዲህ ያለው ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ኤልኒኞ የምንለው ክስተት ሲፈጠር፣ የእኛ ክረምት ይሰንፋል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት በአገራችን ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። የደምቢያ ገበሬ ማሳው ላይ ቆሞ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሳያውቀው የሚጠብቀው ባሕሩን ነው። የሰው ልጅ በሚለቀው ጭስ ምክንያት ምድር ላይ ከተጠራቀመው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የዋጠውም ባሕር ነው። ባልደረባዬ «ለማን ብሎ ነው?» ላለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልመለስ፤ ምክንያቱም ዛሬ በዋናነት ልነግራችሁ የፈለግኩት ሥዕል ልጅን ምን እንደሚያደርገው ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጎርጎራ የመጣ ትኩስ ቀረሶ ገዝቼ ክፍል ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩ። ለሁለት ሰዓት ያንን ዓሣ ብቻ እንዲሥሉ፣ በተቻለ መጠን ቅርፊቱን አንድ በአንድ እየቆጠሩ እንዲሠሩ ነገርኳቸው። የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ጫጫታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ከእርሳስ ድምፅ በቀር የሚሰማ አልነበረም። በዓሣ ጎን ላይ ከጭንቅላቱ ወደ ጅራቱ የሚሄድ ነጠብጣብ የሚመስል መስመር አለ፤ ዓሣ የውኃን እንቅስቃሴ የሚሰማበት የስሜት አካሉ ነው። አንድ ልጅ ያን መስመር ከላይ ጀምሮ መሐል ላይ ቆርጦ፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ጀምሮ እስከ ጅራቱ ወሰደው። እኔም አየሁና «መስመሩ ተሰብሮብሃል፣ አስተካክለው» አልኩት። ልጁ ዓሣውን በድጋሚ አየ፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ላጲሱን አንሥቶ ትክክለኛውን ሥዕል አጠፋ። ማታ ስለ ቀረሶ ሳነብ ቀረሶ የሚመደብበት የዓሣ ወገን የጎኑ መስመር ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ተረዳሁ። ልጁ ያየውን ሥሎ ነበር፤ እኔ ግን የማስበውን ዓሣ ነበር ያየሁት። ሰኞ ዕለት በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄው ሥዕሉን እንደገና እንዲሠራው ለመንኩት። ሠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በክፍሌ ያለው ሕግ አንድ ነው፤ መምህሩ ያለውና ዓሣው ያሳየው ከተለያዩ ዓሣው ይታመናል።

በዚህ መንገድ ዓሣን የተመለከቱ ልጆች ስለ ጣና ስነግራቸው የሚሰሙኝ በሌላ ጆሮ ነው። ጣና ስፋቱ 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን ከፍተኛው 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ከየማሳው የሚታጠበው አፈር ቶሎ ይጎዳዋል። በውስጡ በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተለያይተው ወደ 15 ዝርያ የሆኑ ዓሦች አሉ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የሚወጡበት ጊዜ በወንዙ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋበት ጊዜም ነው። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን፣ አሸዋው ለግንባታ ሲዛቅ፣ ዓሣው የሚራባበት ያጣል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ማለትም በእኛው በኩል፣ ተንሰራፍቷል። ስለ ጣና የሚጨነቅ ልጅ ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ለመጨነቅ የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገር፣ ከየብስ የሚታጠብ አፈርና ማዳበሪያ፣ የሚራቡበትን ቦታ ማጥፋት በሁለቱም ዘንድ ያለ ነገር ነው።

አንዳንድ ወላጆች «ልጄ ሥዕል ተምሮ ምን ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። እባካችሁ አንድ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። ከመቶ በላይ የኪሩቤል ፊት ከጣራው ላይ ያያችኋል፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ታሪክ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሕዝብ ያን ታሪክ የተማረው ከግድግዳ ላይ ነው። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ሙሴ ባሕረ ኤርትራን ከፍሎ ሲያልፍ፣ ፈርዖንና ሠራዊቱ ሲሰጥሙ የሣሉት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ የጨው ባሕር ሳያዩ የሞቱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አስባለሁ። ባሕሩን ከቃል ተቀብለው በአቅራቢያቸው ባለው ውኃና ቀለም ሣሉት፤ ያየውም ሰው አመናቸው። ስለዚህ ባሕር ያላየ ልጅ ባሕርን መሣል ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጎንደር ላይ መልሱ ከተሰጠ ዘመናት አልፈዋል።

በሦስተኛው ዓመት ያደረግነው ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ወደ ቤታችሁ የገባ ነው፤ ዳንቴል ነው። ኮራል የሚባለው ነገር ድንጋይ ይመስላል እንጂ እጅግ ጥቃቅን እንስሳት ተያይዘው የሚገነቡት ነው። ከባሕር ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሸፍንም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያ አንድ አራተኛው ያህሉ በሕይወቱ አንድ ወቅት ላይ በእርሱ ይጠለላል። ለእኛ ቅርብ የሆነው በቀይ ባሕር ዳርቻ ያለው ነው። ብዙ የኮራል ዓይነት ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ የተጨማደደ ነው። ላትቪያዊቷ የሒሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 እንዲህ ያለውን ለሒሳብ ሰዎች በወረቀት ለማሳየት ያስቸገረ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ አሳየች፤ ማርጋሬትና ክርስቲን ወርትሃይም የሚባሉ አውስትራሊያውያን መንትያ እኅትማማቾችም በ2005 በዚሁ ስልት የክር ኮራል መሥራት ጀምረው በብዙ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተከተሏቸው። ስልቱ ቀላል ነው፤ በየተወሰነው ዓይን ላይ አንድ ዓይን እየጨመሩ መሄድ። ዙሩ ሲሰፋ ጠፍጣፋ ሆኖ መቀመጥ ያቅተዋልና ራሱ ይጨማደዳል።

ይህን ለልጆቹ ለማስተማር ኪሮሽ አልችልም ነበር። ስለዚህ እናቶችን ጠራን። መጡ፤ ክራቸውንም ይዘው መጡ። አንዲት እናት አሳቤን ስትሰማ «ልጄ፣ ዓይን አብዝቶ ዳንቴል ማበላሸትማ ማን ይከብደዋል፤ ስንማር ሁላችንም እንዲያ ነው የሠራነው» አሉኝ፤ በአሥር ደቂቃም ፍጹም የሆነ ኮራል ሠርተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሆነ። ነገር ግን እንደምታውቁት በየቤታችን ያለው የዳንቴል ክር ነጭ ነው፤ የሠራነው ሁሉ ነጭ ሆነ። ይህ ሳይታሰብ ዋናው ትምህርት ሆኖ መጣ። ሕያው ኮራል ቀለሙንና አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ አብረውት ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው፤ ውኃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ እነዚህን ያስወጣቸዋል፤ ከዚያ ይነጣል፤ ሙቀቱ ከረዘመበትም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በመላው ዓለም አራተኛው ታላቅ የኮራል መንጣት መከሰቱ ታውጇል። ጠረጴዛችን ላይ የነበረው በንጽሕናው የሚያምር የታመመ ባሕር ነበር።

ልጆቹ ተከራከሩ። ገሚሶቹ እንዲሁ ነጭ ሆኖ ይቅር አሉ፤ ገሚሶቹ እናቅልመው አሉ። በመጨረሻ ግማሹን በእንሶስላና በእርድ አቀለሙት። የእርዱን ቢጫ መስኮት አጠገብ አስቀምጠነው ነበርና ከጥቂት ሳምንት በኋላ በፀሐይ ደብዝዞ ወደ ነጭነቱ ተመለሰ። እርድ ፀሐይ እንደማይችል አላውቅም ነበር፤ ልጆቹ ግን ማንም ሳይነግራቸው የደበዘዘውን ከጥላው ቦታ ጋር አነጻጽረው በየሳምንቱ መመዝገብ ጀመሩ። ያ መዝገብ እስካሁን አለ።

ስለ ሌሎች አገሮች ሥራ ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፣ ጎረቤታችን ስለሆነ። ኬንያ ውስጥ በላሙ ደሴት ዳው የሚባለውን የጥንት የሸራ ጀልባ የሚሠሩ ባለሙያዎች 10 ቶን ያህል የፕላስቲክ ቆሻሻ ቀልጦ በተሠራ ሳንቃ 9 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ ሠርተው 30,000 በሚያህል የተጣለ ሲሊፐር ለበጧት፤ በ2011 ዓ.ም. ከላሙ ተነሥታ እስከ ዛንዚባር ተጓዘች። ልጆቻችን ፎቶዋን ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት የጣና ታንኳ ከደንገል እንጂ ከፕላስቲክ ለምን አይሠራም ብለው ነው። እኔ ደንገሉን እመርጣለሁ፤ ታንኳ ሲያረጅ ውኃው ውስጥ በስብሶ ይጠፋል፣ ምንም አይተውም። ክርክሩ ግን አልተዘጋም።

ይህን ሥራ ለመጀመር የምታስቡ መምህራን ካላችሁ ከልምድ የማውቀውን ልንገራችሁ። ልጆችን ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ ወደ ቦይ አታውርዱ፤ ስብርባሪ ጠርሙስና የመጸዳጃ ፍሳሽ አለ፤ ሥዕሉ ከዳር ሆኖም ይሣላል። የተሰበሰበ ፕላስቲክ ቀልጦ ቅርጽ ይውጣለት ብላችሁ ክፍል ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ ጭሱ መርዝ ነው። የቀረውን ቁራሌው እንዲወስደው አድርጉ። ውድድርና ሽልማት አታብዙ፤ ሽልማት ሲመጣ ልጁ ዓሣውን ትቶ ዳኛውን ማየት ይጀምራል። ገንዘብ የለንም ለምትሉም፣ የእኛ የሦስት ዓመት ሥራ ከእርሳስ፣ ከደብተር፣ ከአንድ ጣቃ አቡጀዴና ከአንድ ቀረሶ ዋጋ አልበለጠም፤ ክሩ የእናቶች ነው። ርእሰ መምህራንን የምለምነው በክረምት መግቢያና በትምህርት መጀመሪያ አካባቢ፣ ውኃው ገና ሲወርድ፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ከግቢ እንዲወጡ ፈቃድ እንድትሰጡን ብቻ ነው።

ስትወጡ ከበሩ በስተቀኝ የተሰቀለውን አቡጀዴ ተመልከቱት። ርዝመቱ ስድስት ሜትር ነው። በግራ ጫፉ የትምህርት ቤታችን አሸንዳ አለ፤ ከዚያ ቦዩ፣ ቀሃ፣ መገጭ፣ ጣና ከነእምቦጩ፣ ዓባይ እስከ ካርቱም። እስከ ጣና ያለው ልጆቹ በዓይናቸው አይተው የሣሉት ስለሆነ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የብስኩቱ ልጣጭ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይነበባል። ከጣና ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል፤ ከካርቱም በኋላ ያለው ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ገና ባዶ ነው። እኔ ከመጽሐፍ አይተን እንሙላው ብዬ ነበር፤ ፌስታሉ ይደርሳል ወይ ብላ የጠየቀችኝ ልጅ ግን፣ አሁን ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ያላየነውን አንሥልም ብላ እንቢ አለች። ከጨርቁ ሥር እርሳስ በክር አንጠልጥላለች። ከእናንተ መካከል ካርቱምን፣ አስዋንን ወይም ባሕሩን ያያችሁ ካላችሁ እንድትሥሉላት ትጠይቃችኋለች።

አመሰግናለሁ።